የሚጥል ሕመም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ቫይታሚን ዲ ከየት ይምጣ? ፀሐይ፣ ምግብ፣ ክኒን ወይስ መርፌ

የጅማ በርጩማ ዝቅ ያለ ነው። ባለሦስት እግር፣ ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ። እህቴ ቡና የምታፈላው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው። አንድ እሁድ ቶናውን ቀድታ ልትነሳ ስትል ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ "እህህ" ብላ፣ ራሷን ወደ ላይ ገፋች። ልክ እንደ አያታችን። ገና 26 ዓመቷ ነው።

"መድኃኒቱ ነው፤ ያደክማታል" አለች እናቴ። ልክ ነበረች። ግን እሷ ባሰበችው መንገድ አልነበረም።

እህቴ የሚጥል ሕመም አለባት። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ፌኖባርቢታል ትወስዳለች። መድኃኒቱ በደንብ ይዟታል፤ ከጣላት ቆይቷል። ለክትትል ስትሄድ ጭንና ዳሌዋን እንደሚያማት፣ ደረጃ መውጣትም እንደሚከብዳት ለሐኪሙ ነገረች። ሐኪሙ የቫይታሚን ዲ እጥረት ጠረጠረ። ደሟ ሲታይም እንደጠረጠረው ሆነ።

ከዚያ ቤታችን ለሁለት ሳምንት ሸንጎ ሆነ። አባቴ "ፀሐይ ትሙቅ፣ ምን ገንዘብ ያስወጣል?" ይላል። አክስቴ እንቁላልና ወተት ይዛ መጣች። አንዲት ጎረቤታችን "መርፌ አለ አሉ፤ አንዴ ተወግቶ መገላገል ነው" አለች። እኔ ደግሞ ክኒን አልኩ፣ ስልኬ ላይ አንብቤ። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ልክ ነበርን። ያኔ ያጠራቀምኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። መጠን የሚወስንላችሁ የራሳችሁ ሐኪም ነው። ቀጠሮ ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠይቁ ብታውቁ አይከፋም።

መጀመሪያ የክኒኑን ስም እዩ

ነገሩ ከፀሐይና ከእንቁላል አይጀምርም። የሚጀምረው ከምትወስዱት የሚጥል ሕመም መድኃኒት ነው።

ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን እና ካርባማዜፒን አንድ ጠባይ ይጋራሉ። ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ያነቃቃሉ። ኢንዛይሞቹ አንዴ ከተነቁ መርጠው አያፈርሱም። ቫይታሚን ዲንም አብረው ይፈጩታል። ሰውየው ከፀሐይም ከምግብም ያገኛት ዲ ሳትሠራበት ትወጣለች። ቀዳዳ እንስራ መሙላት በሉት።

ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አንጀት ከምግብ ካልሲየም በደንብ መውሰድ ያቅተዋል። ሰውነት ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዲጎድል አይፈልግም፤ ከአጥንት ይበደራል። ብድሩ አይመለስም። አዋቂ ላይ አጥንት ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይዝላል፤ በተለይ የጭንና የዳሌ ጡንቻ። ከዝቅተኛ ቦታ መነሳት የሚከብደው ለዚህ ነው። ልጅ ላይ እግር ይቆለመማል፣ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ ጥርስ ይዘገያል፣ መሄድም ይዘገያል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ፌኖባርቢታል ለሚጥል ሕመም መሰጠት የጀመረው በ1912 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፌኒቶይን በ1938 ተከተለ። እነዚህን ለረጅም ጊዜ በሚወስዱ ሰዎች ላይ አጥንት እንደሚለሰልስ ሐኪሞች መጻፍ የጀመሩት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እኛ ቤት ግን እህቴ ክኒኑን ከጀመረች ከ14 ዓመት በኋላ ነው የተሰማው።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት ኢንዛይሞቹን እንዲህ አይቀሰቅስም፤ ግን አጥንት ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ሌቬቲራሴታም እና ላሞትሪጂን በዚህ በኩል ቀለል ይላሉ። እንግዲህ ከላይ ካልኳቸው ከሦስቱ አንዱን የምትወስዱ ከሆነ፣ ሌላ ሰው የሚበቃው መጠን ለእናንተ ላይበቃ ይችላል። በ2011 የወጣ አንድ ታዋቂ የሐኪሞች መመሪያ እንዲህ ላሉ ሰዎች ከሌላው 2 እስከ 3 እጥፍ ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ነበር።

"ታዲያ ልተወዋ!" የሚል ይኖራል። እባካችሁ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም ተከታታይ፣ የማያባራ ሕመም ሊያስነሳ ይችላል። ያ ሰው ይገድላል። የተጓደለ ቫይታሚን ግን ይሞላል።

ፀሐይ፦ ነፃ ነው፣ ግን ማን ያወጣታል?

የአባቴን ሐሳብ በቁም ነገር ልውሰደው። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አናት ላይ ናት። ከፍታው ደግሞ ጨረሩን ያጠነክረዋል። አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወቅት ፀሐይ ብትወጣም ቆዳ ቫይታሚን ዲ የማይሠራበት ወራት አለ፤ እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ወር የለም። በወረቀት ላይ ጅማ ውስጥ ዲ የሚያጥረው ሰው ሊኖር አይገባም ነበር።

በወረቀት ላይ። ጅማ ዝናባም ናት። ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ማብቂያ ሰማዩ ደመና የሚለብስባት ከተማ ናት። ጥቁር ቆዳ ያው ቀለማችን ነውና ጨረሩን ይከላከላል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። አለባበሳችንም ሸፈን ያለ ነው፣ ነጠላም ሆነ ሒጃብ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ደመናው አይደለም። እናቴ እህቴን ብቻዋን ከግቢ አስወጥታ አታውቅም። አዌቱ ወንዝ ዳር ትወድቅና ትሰምጣለች፣ ባጃጅ ይገጫታል፣ ምድጃ ላይ ትደፋለች። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በእሳት የተቃጠሉ የሚጥል ሕመምተኞችን ያላየ ሰፈር የለም። ከፍርሃቱ ሥር ግን ሌላም አለ፦ "ሰው ያያታል።" በአማርኛ የሚጥል እንበለው፣ በኦሮምኛ ጋጋብዶ፣ ሹክሹክታው አንድ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ እህቴ 14 ዓመት መስኮት ሥር ተቀመጠች። ፀሐይዋም በመስኮቱ ትገባላት ነበር። ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር ግን በመስተዋት አያልፍም። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑ ይገባል፣ ዋናው ነገር ውጭ ይቀራል።

ሌላው ስህተታችን ሰዓቱ ነው። "የጠዋት ፀሐይ" ብለን እናደንቃለን። ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ በ1 ሰዓት ተኩል በረንዳ ላይ ይሰጣል፤ እሱም ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ብቻ ወጥቶ። ልማዱ ደስ ይላል፤ ለቫይታሚን ዲ ግን ያን ሰዓት ጨረሩ ደካማ ነው። ቀላል መለኪያ አለ፦ ጥላችሁን እዩት። ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ደርሷል። ከቁመታችሁ ከረዘመ ሙቀት ብቻ ነው የምታገኙት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ባለው መሀል ነው ጥላ የሚያጥረው። ክንድና እግር ገለጥ ተደርጎ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ በሳምንት ብዙ ቀን። ቆዳ እስኪያቃጥል መቀመጥ ትርፍ የለውም። ለሚሸፋፈኑ ሴቶች አጥር ያለው ጓሮ ይበቃል። ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ በረንዳ ግን ጥላ ነው፤ አይቆጠርም።

ብቻዋን አትሁን ካላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። እኛ ቤት አሁን ጓሮ ቁጭ ብሎ ቡና መልቀም የሁለት ሰው ሥራ ሆኗል። ድንገት ብትወድቅ በጎኗ ማስተኛት፣ ከራስዋ ሥር ለስለስ ያለ ነገር ማድረግ፣ አፏ ውስጥ ምንም አለማስገባት። ክብሪት ጭሮ ማሽተቱንም ተዉት፤ ምንም አይረዳም።

ፍርዴ፦ እንደ ሌቬቲራሴታም ያለ መድኃኒት የሚወስድና ውጭ የሚውል ሰው፣ ለምሳሌ ቡና ለቃሚ ገበሬ፣ በፀሐይ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ፌኖባርቢታል የሚወስድና ቤት የሚውል ሰው ግን አይበቃውም። ፀሐዩን ይሙቅ፤ ተስፋውን ሁሉ ግን እዚያ ላይ አይጣል።

ምግብ፦ አክስቴን ማስከፋት

ቁጥሩን ላውጣው። አዋቂ ሰው በቀን 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይመከርለታል፤ ከ70 ዓመት በላይ ከሆነ 800። የአንድ እንቁላል አስኳል 40 ገደማ አለው። ሂሳቡን ስሩት፦ በቀን 15 እንቁላል። አክስቴ ይህን ስነግራት ለሦስት ቀን አኩርፋለች።

ከላም የታለበ ተራ ወተት ያለው እዚህ ግባ የማይባል ነው። በውጭ አገር ወተት ላይ የሚባለው ሁሉ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚጨመርበት ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ካያችሁት እሰየው። አንዳንድ የምግብ ዘይት ላይም "ቫይታሚን ኤ እና ዲ" የሚል አለ፤ ስትገዙ ጀሪካኑን አዙራችሁ እዩ። ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው እንጂ ዲ የለውም። ጎመንም እንደዚያው።

ዓሣ የተሻለ ነው። መቶ ግራም ቆሮሶ ከመቶ በላይ፣ የቆርቆሮ ሰርዲን ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል። ከግልገል ግቤ ግድብ የሚመጣ ዓሣ ከተማችን ውስጥ ስላለ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ቢበላ ጥሩ ነው። ዓሣ በጾም የሚበላ ቤተሰብ ካለም ዕድለኛ ነው፤ በጾም ወራት እንቁላልም ወተትም ይቀራልና። የዓሣ ጉበት ዘይት በሻይ ማንኪያ 400 ገደማ አለው፤ ግን ቫይታሚን ኤው ከባድ ስለሆነ ነፍሰ ጡር እንደፈለገች የምትጠጣው አይደለም።

እንጉዳይም አለ። በክረምት ከጫካ የሚመጣው እንጉዳይ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ዲ ይሠራል። እንደ ሰው ቆዳ ማለት ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ማንም የማያውቀውን እንጉዳይ እንዳይለቅም።

ፍርዴ አጭር ነው። ምግብ ብቻውን አይደርስም።

ክኒን፦ በየቀኑ ወይስ በሳምንት?

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ፋርማሲ ስትሄዱ "ቫይታሚን ዲ" ብላችሁ ብትጠይቁ ቢያንስ አራት ዓይነት ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። ተመሳሳይ አይደሉም።

አንደኛው መልቲቫይታሚን ነው። ሁሉም ነገር አለው፣ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ። ለእህቴ ዓይነቱ ሰው መጠኑ አይረባም። ሁለተኛው ካልሲየም ከዲ ጋር የተቀላቀለበት ነው። ብዙ ጊዜ በአንዱ ክኒን ውስጥ ያለው ዲ ጥቂት መቶ ዩኒት ነው። በእሱ ብቻ ሺዎች ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ ካልሲየሙ ከልክ ያልፋል። ሦስተኛው ብቻውን ያለ ዲ3 (አንዱ የቫይታሚን ዲ ዓይነት) ነው፤ 1,000፣ 2,000፣ አንዳንዱ 50,000። አራተኛው አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትሪዮል ይባላል። ይህ የተዘጋጀና ቀጥታ የሚሠራ ዓይነት ሲሆን በአብዛኛው ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚታዘዝ ነው። በራሳችሁ አትግዙት።

የምትፈልጉት ሦስተኛውን ነው። ዲ2 የሚል ካጋጠማችሁም ይሠራል፤ ዲ3 ግን ደም ውስጥ ያለውን መጠን በተሻለ ያነሳል፣ ይቆያልም። መለኪያው አንዳንዴ በማይክሮግራም ይጻፋል። አትደንግጡ፦ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። ስለዚህ "25 ማይክሮግራም" ማለት 1,000 ዩኒት ነው።

አሁን የደረሰብንን ላውራ። ለእህቴ መጀመሪያ የታዘዘላት 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ፣ ለ8 ሳምንት ነበር። የጎደለውን ቶሎ ለመሙላት የታወቀ አሰጣጥ ነው። መድኃኒቱን የገዛንበት ቤት ግን በትንሿ ነጭ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ የጻፈው "1×1" ነው። ያው በቀን አንዴ አንድ ማለት ነው። ፌኖባርቢታሉም ከረጢት ላይ "1×1" ነው የሚለው። እናቴ ማታ ማታ ሁለቱንም አንድ ላይ ትሰጣታለች። በአምስተኛው ቀን ነው ያየሁት። አራት ክኒን ጎድሏል። የወር መጠን በአራት ቀን። ወደ ሐኪሙ ደወልን፤ አቁማ እንድትቆይ አደረገ፤ ካልሲየሟ ታየ፤ እግዜር ይመስገን ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከረጢቱን ትቼ ወረቀቱን ነው የማነበው።

ስለዚህ ሁለቱን ሳወዳድር የምለው ይኸው። ሳምንታዊው ፈጣን ነው፤ መጠኑ በጣም ለወረደ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት ጥሩ ነው። ግን ቀን ይስታል፣ ይደረባል። ከወሰዳችሁት ከማትረሱት ቀን ጋር እሰሩት፦ ጁምዓ ወይም ሰንበት። ክኒኑንም ከሌላው መድኃኒት ለይታችሁ አስቀምጡት።

ዕለታዊው አዝጋሚ ነው። ነገር ግን የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው እኮ በየቀኑ ክኒን መዋጥ የለመደ ሰው ነው! ይህን የሚያክል ብልጫ የት ይገኛል? ሌላው ሰው ቫይታሚን በሁለተኛው ሳምንት ይረሳል። እህቴ ግን 14 ዓመት ማታ ማታ ስትውጥ ኖራለች። ዲው ከእራት ጋር፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን በተሻለ ይመጠጣል። ትንሽ ቅቤ ጠብ ያለበት ሽሮ ይበቃል። በጾም ዘይት ያለው ወጥ።

ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለአዋቂ ከ4,000 ዩኒት በላይ በቀን አትውሰዱ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋቸው አሉ፣ ያ ግን እየተለካ ነው። ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል። ምልክቱ የማይቆርጥ ጥማት፣ ሽንት መመላለስ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ ግራ መጋባት ነው። የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሪያው ቢጠይቅ ይሻላል። ሳንባ ነቀርሳ ያለበትም እንደዚሁ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ራሱ እንደ ፌኖባርቢታል ጉበትን ይቀሰቅሳል።

መርፌው

የጎረቤታችን ሐሳብ ለምን እንደሚማርክ ይገባኛል። አንዴ ተወግቶ መገላገል። 300,000 ወይም 600,000 ዩኒት በአንድ መርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን፣ አንጀቱ የማይቀበል ሰው፣ ክኒን ፈጽሞ የማይወስድ ሰው ሐኪም አይቶ ሊያዝለት ይችላል።

ለሌላው ሰው ግን የማይመቸኝ ነገር አለ። ቫይታሚን ዲ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ለወራት ይቆያል። ክኒን ከበዛ ታቆሙታላችሁ። የተወጋ መርፌ ግን አይወጣም። በ2010 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት በአፍ ሰጥቶ ነበር። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፦ መጠኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ብዙ ወደቁ፣ ብዙም ተሰበሩ። እነሱ አሮጊቶች ናቸው፤ እህቴ ወጣት ናት፤ እውነት ነው። ግን መውደቅ ዋና ጠላቷ ለሆነ ሰው በአንዴ ጎርፍ ከማፍሰስ በየቀኑ ጠብታ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ሳይመረመሩ መጀመር ይቻላል?

የሚለካው 25 ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይባላል። ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ጎድሏል፤ ከ20 እስከ 30 ያለውን ብዙዎች አነስተኛ ይሉታል። አንዳንድ ላቦራቶሪ በናኖሞል በሊትር ይጽፋል። ያኔ ቁጥሩን ለ2.5 አካፍሉት። አንድ የማውቀው ልጅ "40 ሆነልኝ፣ ደህና ነኝ" ብሎ ሲደሰት ነበር፤ ናኖሞል ነበር። 16 ማለት ነው።

ምርመራው እንደ ሄሞግሎቢን በየቦታው የሚሠራ አይደለም፤ ርካሽም አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ናሙናው ይላካል? ውጤቱ በስንት ቀን? የጤና መድህን ይሸፍናል? ገንዘብ ከከበደ ካልሲየም፣ ፎስፎረስ እና አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባሉት ብዙ ቦታ ይሠራሉ። ዲን ቀጥታ አይለኩም፤ አጥንት መታመሙን ግን ይጠቁማሉ።

እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ። የአጥንት ሕመም፣ የጡንቻ ድካም፣ ስብራት ወይም እርግዝና ካለ ተመርመሩ። ምንም ምልክት ከሌለ፣ ግን ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱን ለዓመታት ከወሰዳችሁ፣ ሐኪሙ ሳይመረምር ትንሽ የዕለት መጠን ሊያስጀምራችሁ ይችላል። የመመርመሪያውን ብር ለክኒኑ ማዋል ሞኝነት አይደለም። ከጀመራችሁ ከ3 ወር በኋላ ብትለኩ ነው ለውጡ በትክክል የሚታየው፤ በሁለተኛው ሳምንት መለካት ብር ማባከን ነው።

የሚጥል ሕመሙን መድኃኒት መቀየርስ?

ይህንን ምርጫ ሰው ቶሎ ያነሳዋል። ሌቬቲራሴታም አጥንት ላይ ቀላል ነው፤ ስለዚህ እንቀይር። ችኮላ ነው። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይገኛል። አዲሶቹ ይወደዳሉ፤ ደግሞ አንድ ወር ተገኝተው አንድ ወር ከጠፉ የባሰ ነው። ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ቁጡ ያደርገዋል። ላሞትሪጂን በጣም ቀስ ተብሎ ካልተጀመረ ቆዳ ላይ ከባድ ሽፍታ ያመጣል። ቫልፕሮኤት ደግሞ ልትወልድ ለምታስብ ሴት ፅንስ ላይ ባለው ጉዳት ምክንያት ዝም ብሎ የሚጀመር አይደለም። ሕመሙ የተያዘለት ሰው ለቫይታሚን ብሎ የያዘውን መድኃኒት ባይነካ እመርጣለሁ። ሕመሙም ያልተያዘለት፣ አጥንቱም የተጎዳ ከሆነ ግን ሐኪሙን ደፍራችሁ ጠይቁት።

"ቫይታሚን ዲ ራሱ የሚጥለውን ይቀንሳል ወይ?" ተብሎም ይጠየቃል። በ2012 ከሃንጋሪ የወጣ ጥናት 13 ሰዎች ዲያቸው ሲሞላ የሚጥላቸው ቁጥር እንደቀነሰ ጽፏል። አሥራ ሦስት ሰው ነው። ተስፋ ይሰጣል፣ ክኒን አያስጥልም። አንድ የተረጋገጠ ነገር ግን አለ፦ ዲ በጣም ወርዶ ካልሲየም ከወደቀ፣ የካልሲየሙ ማነስ ብቻውን ሰው ሊጥል ይችላል። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ድንገት መውደቅ የጀመረ ሰው ካልሲየሙ ቢታይለት አይከፋም።

ስለ ካልሲየም

ዲ ያለ ካልሲየም ብዙም አይሠራም። ለአዋቂ በቀን 1,000 ሚሊግራም ይመከራል። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ጤፍ እያሉ ከምግብ ቢሞላ ይሻላል፤ ክኒኑ የጎደለውን ይሙላ። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይዋጣል። ፌኒቶይን የምትወስዱ ከሆነ ግን ሁለቱን በአንድ ጉርሻ አትዋጡ፤ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቁ፣ ካልሲየሙ ፌኒቶይኑን ሊይዝባችሁ ይችላል።

ቡና? እያንዳንዱ ስኒ ትንሽ ካልሲየም በሽንት ያስወጣል፤ በጣም ትንሽ። ጅማ ተቀምጬ ቡና ተዉ የሚል ጽሑፍ አልጽፍም። ጫት ግን ሌላ ነው። አጥንቱን ትቼ እንቅልፉን ነው የምላችሁ። ሌሊቱን ያልተኛ የሚጥል ሕመምተኛ ጠዋት የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ካርዳችሁን ብቻ አትያዙ። የሚጥል ሕመሙን ክኒን ከነማሸጊያው፣ ቫይታሚኑን ከነጠርሙሱ፣ ካልሲየም ካላችሁ እሱንም። "ይህን ስንት ዓመት ወሰድኩ፣ አጥንቴን አይቶልኝ የሚያውቅ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ የጻፈውን ከመውጣታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፦ በቀን ነው በሳምንት?

እህቴ ከ3 ወር በኋላ ስትለካ ከ9 ወደ 27 ናኖግራም ወጥታለች። አሁን የዕለት ክኒን ላይ ናት፤ ማታ ከፌኖባርቢታሉ ጋር። ፀሐይዋንም በ5 ሰዓት ጓሮ ትሞቃለች፤ አባቴ ጥላዋን በእርምጃ እየለካ። ለቡናው ከፍ ያለ ወንበር ገዝቶላት ነበር። አልፈለገችም። ወንበሩ ላይ አሁን ድመቷ ነው የምትተኛው።